አንድ ሞልድ ለሁለት ማሽን

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ባለፈው ክረምት ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ተልከን የነበርን አራት ተማሪዎች ነን። የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ምን እንደምንናገር በጠየቀን ጊዜ፣ በፋብሪካ የእቅድ ፕሮግራም ውስጥ የጋራ ማሽንና የጋራ መሣሪያ ተራ የሚያዝበትን መንገድ እናስረዳለን አልነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የኮምፒዩተር ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» እንዳሉ ሰምተናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ ነገሩ ተራ ጠብቆ ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። ከዚህም በላይ እኛ በሠራነው ስሕተት ሌላ ሰው ተወቅሷልና፣ ያንን በአደባባይ መናገር ዕዳችን ነው።

በመጀመሪያ ከፋብሪካው ወጥተን ወደ ገጠር እንሂድ። በአንድ ጎጥ ውስጥ ሦስት ጥማድ በሬ አለ እንበል። ቀንበርና ሞፈርም ለሦስቱ ይበቃል። ማረሻው ግን ሁለት ብቻ ነው። በዚያ ጎጥ ነገ የሚታረሰው ስንት ጥማድ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከብት ጠባቂው ልጅ ሳይቀር «ሁለት» ብሎ ይመልስልናል። ሦስተኛው ጥማድ በሬ ሣሩን ሲግጥ ይውላል። «ሦስት ጥማድ በሬ ስላለን ሦስት ጥማድ እናርሳለን» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር የሚዋዋል ገበሬ አይገኝም። ምክንያቱም ገበሬው የሚቆጥረው በሬውን ብቻ ሳይሆን፣ ለሥራው በአንድ ሰዓት በአንድ ማሳ ላይ አብሮ መገኘት ያለበትን ሁሉ ነው።

እንግዲህ እኛ አራታችን፣ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርን ሰዎች፣ ይህ ልጅ የሚያውቀውን ሳናውቅ ቀረን። ነገሩ የሆነው እንደሚከተለው ነው።

በፋብሪካው ሠራተኞቹ «ኢንጄክሽን» የሚሏቸው ሦስት ማሽኖች ነበሩ። ማሽኑ የፕላስቲኩን ፍሬ አቅልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞልዱ ውስጥ ይነዳዋል። በሞልዱ ጎን የሚዘዋወረው ውኃ የቀለጠውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከጠነከረም በኋላ ሞልዱ ተከፍቶ ዕቃውን ይጥላል። ማሽኑ ባልዲም፣ ክዳንም፣ ጆግም ሊሠራ ይችላል። በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ግን በላዩ የታሰረው ሞልድ ነው። ሞልድ ከብረት ተፈልፍሎ የሚሠራ፣ ያለ ክሬን የማይነሣ ከባድ ዕቃ ነው። ዋጋውም ውድ በመሆኑ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የነበረው አንድ አንድ ሞልድ ብቻ ነበር።

ፋብሪካው በዚያው ሰሞን አዲስ የእቅድ ፕሮግራም ገዝቶ ስለነበር፣ ለእኛ የተሰጠን ሥራ መረጃ ማስገባት ነበር። ለእያንዳንዱ ዕቃ በየትኛው ማሽን እንደሚሠራ፣ አንዱን ለመሥራት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ስንት ኪሎ ፕላስቲክ እንደሚበላ እየጠየቅን አስገባን። ሞልዱን በተመለከተ ግን ስሙን «ማስታወሻ» በሚለው ዐምድ ውስጥ ጻፍነው። ሥራችን በሁለት ሳምንት ስላለቀ ተመሰገንን፤ እኛም ደስ አለን። ያላወቅነው ነገር ፕሮግራሙ ማስታወሻ የማያነብ መሆኑን ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለት ደንበኞች ባልዲ አዘዙ፤ አንደኛው ነጭ፣ ሁለተኛው ጥቁር። ፕሮግራሙ ሁለት ማሽኖች ባዶ መሆናቸውን አይቶ ነጩን በአንደኛው፣ ጥቁሩን በሦስተኛው ማሽን ላይ በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ መደበ። የሽያጭ ክፍሉም ያንኑ ወረቀት ተመልክቶ ለሁለቱም ደንበኞች ቀን ቆረጠላቸው። ጧት 2 ሰዓት ላይ የፈረቃው ፎርማን ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ መጡ። በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው ናቸው።

«ልጆቼ፣ ይህ ወረቀት ባልዲውን በሁለት ማሽን ላይ አስቀምጦታል። ሞልዱን በመጋዝ ልቁረጠው ወይስ ምን ላድርግ?» አሉን።

ከመካከላችን አንዱ «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ አስልቶ ነው ያወጣው» ብሎ መለሰላቸው።

እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት፤ ለማስረዳት እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግተናቸዋል። እያንዳንዱ ትእዛዝ 10 ሰዓት ይፈጃል። ሞልዱን ለማሰር 3 ሰዓት፣ ለመፍታት 1 ሰዓት ያስፈልጋል። በወረቀቱ እቅድ መሠረት ሁለቱም ትእዛዞች በ13 ሰዓት ያልቃሉ። እውነተኛው እቅድ ግን ሞልዱን በአንድ ማሽን ላይ አስሮ፣ በመጀመሪያ ነጩን፣ ከዚያም ጥቁሩን ማውጣት ነበር። ከነጭ ወደ ጥቁር ለመሻገር ማሽኑን ማጥራት 1 ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ስለዚህ 3፣ 10፣ 1 እና 10 ሲደመር 24 ሰዓት ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ጥቁሩ ቢቀድም ኖሮ፣ የጥቁሩ ርዝራዥ ነጩን ባልዲ እንዳያበላሽ ለማጥራት ብዙ ሰዓትና ብዙ ፕላስቲክ ይባክን ነበር። በዚያ ቀን የሆነው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ወረቀቱ መከበር አለበት ስለተባለ፣ ነጩ እንዳለቀ ሞልዱ ከአንደኛው ማሽን ተፈትቶ በሦስተኛው ላይ ታሰረ፤ 3፣ 10፣ 1፣ 3 እና 10 ተደምሮ 27 ሰዓት ፈጀ። በ13 ሰዓት የተባለው በ27 ሰዓት አለቀ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

የጥቁሩ ባልዲ ደንበኛ ዕቃውን በቀኑ ባለማግኘቱ አቤቱታ አቀረበ። ለፎርማኑም «በሥራ ቸልተኝነት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። እኛ ሁለት ቀን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብተን ስሕተቱ የእኛ መሆኑን ተናገርን፤ ደብዳቤውም ከፋይላቸው ወጣ። ነገር ግን ሲወቀሱ የሰማው የፈረቃው ሠራተኛ ሁሉ ነበር፤ ደብዳቤው መነሣቱን የሰማው ግን በቢሮ ውስጥ የነበረው ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ነበር ነገሩን በደንብ ለመማር የተነሣነው። የተማርነውንም በአጭሩ እናካፍላችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፋብሪካን ሥራ በጊዜ ላይ በተሰመረ መሥመር ማሳየትን በስፋት ያስለመደው ሄንሪ ጋንት (1861–1919) የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በእርሱ ስም በሚጠራው ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ መሥመር ይሰመራል፤ ሥራዎቹም በየሰዓታቸው ይደረደራሉ። ኮምፒዩተር ወደ ፋብሪካ ከገባ በኋላ ደግሞ የዕቃ ፍላጎት እቅድ የሚባለው ዘዴ ተስፋፋ፤ ከዚህ ዘዴ ግንባር ቀደም አስተማሪዎች አንዱ የሆነው ጆሴፍ ኦርሊኪ በ1975 ስለ እርሱ ታዋቂ መጽሐፍ አሳትሟል። ይህ ዘዴ ደንበኛው ዕቃውን ከሚረከብበት ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ፣ የትኛው ጥሬ ዕቃ መቼ መገዛት፣ የትኛው ሥራ መቼ መጀመር እንዳለበት ይናገራል። ለዚህ ታላቅ ጥቅም አለው። ሆኖም መሠረታዊው ስሌት ማሽኑ ባዶ ይሁን አይሁን አይጠይቅም፤ አቅም እንደማያልቅ ይቆጥራል። ስለዚህ የማሽኑን አቅም የሚያገናዝብ ሌላ ስሌት ይጨመርበታል። እኛ ያየነው ፕሮግራም ይህ ሁለተኛው ስሌት ነበረው። ማሽኑን ይቆጥራል፤ ሞልዱን ግን ካልነገሩት አይቆጥርም።

መድኃኒቱ ከታወቀ በኋላ ቀላል ሆኖ ይታያል። ለሞልዱም እንደ ማሽኑ የራሱን መሥመር ማስመር ነው። አንድ ሥራ በሠንጠረዡ ላይ ሲቀመጥ የማሽኑንም መሥመር፣ የሞልዱንም መሥመር በአንድ ጊዜ ይይዛል። ከሁለቱ አንዱ ካልተገኘ ሥራው አይጀመርም፤ እስኪገኝ ይቆያል። ሁለት ተመሳሳይ ሞልዶች ካሉ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ሦስተኛው ይጠብቃል። ስለ ማረሻው ያነሣነው ምሳሌ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ መሥመሩ ከተሰመረ በኋላ በውስጡ የሚገባው ነገር በጥንቃቄ መጤን አለበት።

አንደኛ፣ ሞልዱ የሚያዘው ዕቃ በሚወጣበት ሰዓት ብቻ አይደለም። በክሬን ከተነሣበት ጀምሮ፣ ሲታሰር፣ ሲሞከር፣ በኋላም ተፈትቶ ተጠርጎ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ የተያዘ ነው። ይህን የማይቆጥር እቅድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰዓት ይዋሻል።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ሞልድ በሁሉም ማሽን ላይ አይታሰርም። ማሽኑ ሞልዱን ጨምቆ የሚይዝበት ኃይል መብቃት አለበት፤ ሞልዱም በማሽኑ ምሰሶዎች መካከል የሚገባ መሆን አለበት። ስለዚህ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ካሳሪዎቹ ጠይቆ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቁት በቢሮ የተቀመጡት አይደሉም።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ የራሱ የዕረፍት ቀን አለው። ሞልድ የተወሰነ ቁጥር ያህል ከሠራ በኋላ ተከፍቶ መጠረግና መታየት ይገባዋል። በአንድ ጊዜ አራት ክዳን ከሚያወጣ ሞልድ አንዱ ጉድጓድ ተበላሽቶ ቢደፈን፣ የሚያወጣው ሦስት ነው። እቅዱ አሁንም በአራት የሚያስብ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ መቶ ክዳን ሃያ አምስቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ክዳን ነው።

አራተኛ፣ ሞልድ አሳሪውና ክሬኑም የጋራ ናቸው። ሁለት ማሽኖች በአንድ ሰዓት ሞልድ እንዲቀየርላቸው ቢታቀድና ክሬኑ አንድ ቢሆን፣ አንደኛው ማሽን ቆሞ ይጠብቃል።

ታዲያ በፋብሪካው ያለውን ነገር ሁሉ፣ መፍቻና መዶሻ ሳይቀር፣ መሥመር እናስምርለት? አይደለም። ሃያ መፍቻ ባለበት ቤት በመፍቻ የሚጣላ የለም። መመዝገብ ያለበት ሁለት ሥራዎች በአንድ ሰዓት ሊፈልጉት የሚችሉት፣ ቁጥሩም የማይበቃው ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም። ፎርማኑን «ዘወትር የምትጠብቁት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

አንዳንድ መምህሮቻችን «ሁሉን ነገር ካስገባን ኮምፒዩተሩ ከሁሉ የሚሻለውን ቅደም ተከተል ያወጣልናል ወይ?» ብለው ሊጠይቁን ይችላሉ። በዚህም ነገር ራሳችንን ማታለል የለብንም። አሥር ሥራዎችን በአንድ ማሽን ፊት ለመደርደር ብቻ 3,628,800 ልዩ ልዩ አደራደር አለ። ማሽኖቹ ሲበዙ ቁጥሩ ከማንኛውም አእምሮ በላይ ይሆናል። በ1963 አንድ ጥያቄ ታትሞ ነበር፤ አሥር ሥራዎች እያንዳንዳቸው በአሥር ማሽኖች ላይ በየራሳቸው ቅደም ተከተል ሲያልፉ፣ ሁሉም የሚያልቁበት አጭሩ ጊዜ ስንት ነው የሚል። በወረቀት ላይ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን መልሱ 930 መሆኑ፣ ከዚያም የሚያንስ ሊገኝ እንደማይችል በማስረጃ የተረጋገጠው በ1989፣ ካርሊየና ፒንሶን በተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ነው። 26 ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ ኮምፒዩተሮች እጅግ ፈጣኖች ቢሆኑም፣ የፋብሪካ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚያቀርቡት ጥሩ የሆነ እቅድ እንጂ ከሁሉ የሚሻለውን አይደለም። ይህም ነውር የለበትም። ጥሩ እቅድ ከተገኘ ይበቃል። የማይበቃው ሊሠራ የማይችል እቅድ ነው።

አንዳንድ ጊዜም መድኃኒቱ ከፕሮግራሙ ውጭ ይገኛል። ሺጌኦ ሺንጎ የተባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1969 በቶዮታ ፋብሪካ የአንድ ባለ 1,000 ቶን መጭመቂያ ማሽን ቅርጽ ማውጫን መቀየር አራት ሰዓት ይፈጅ እንደነበር፣ በመጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ በኋላም ወደ 3 ደቂቃ እንዳወረዱት ጽፏል። ዘዴው ማሽኑ ሳይቆም ሊዘጋጅ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ብሎኑ፣ መፍቻው፣ የሚቀጥለው ቅርጽ በቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ የሚቆመው ለመፍታትና ለማሰር ብቻ ይሆናል። በእኛ ፋብሪካ ግን ሞልዱ ከተፈታ በኋላ ነበር የሚቀጥለው ሞልድ ብሎን የሚፈለገው። ፎርማኑ ይህን ብዙ ጊዜ ተናግረው እንደነበር ከእሳቸው ሰምተናል። በፕሮግራሙ ውስጥ ግን ለእሳቸው ቃል የተዘጋጀ ዐምድ አልነበረም።

አሁን ከፋብሪካው ወደ ገዛ ቤታችን፣ ወደ ወርክሾፓችን እንመለስ። እዚያ ያሉትን ፍሬዛዎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጥርስ ጎማ ጥርሶችን እኩል ለመክፈል የሚያገለግለው ማከፋፈያ ግን አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ሥራ በሚያልቅበት ሰሞን አንድ ጓደኛችን ማከፋፈያውን ከዕቃ ቤት አውጥቶ፣ የፍሬዛ ተራ እስኪደርሰው በሣጥኑ ቆለፈበት። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ በፍሬዛው ወረቀት ላይ ተራውን ይዞ ማከፋፈያው እስኪመለስ ጠበቀ። አንዱ መሣሪያውን ይዞ ማሽኑን፣ ሌላው ማሽኑን ይዞ መሣሪያውን ሲጠባበቁ አራት ቀን አለፈ። ሁለቱም በየመዝገባቸው ተራቸው ስለነበር አጥፊ አልነበረም፤ ሥራም አልነበረም።

ይህ ነገር በትምህርት ዓለም የታወቀ ነው። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1965 ለተማሪዎቹ የፈተና ጥያቄ አድርጎ አቅርቦት ነበር። በኋላም አምስት ፈላስፎች በክብ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ በመካከላቸው አምስት ሹካ ብቻ ተቀምጦላቸው፣ ለመብላት ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ሹካ እንደሚያስፈልጋቸው ተደርጎ ይነገር ጀመር። ሁሉም የቀኝ ሹካቸውን አንሥተው የግራውን ከጠበቁ፣ ገበታው እንደ ሞላ አምስቱም በረሃብ ይሞታሉ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ይህ ነው፤ የሚያስፈልግህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማግኘት ካልቻልህ አንዱንም አትያዝ።

ስለዚህ ለማኅበሩና ለወርክሾፑ ኃላፊዎች ሦስት ነገር በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የማሽኑና የመሣሪያው መዝገብ አንድ ይሁን። በአንድ ገጽ ላይ ለማሽኑ አንድ ዐምድ፣ ለመሣሪያው አንድ ዐምድ ይሰመር፤ ተራ የሚይዝ ተማሪ በሁለቱም ላይ ይፈርም፤ ሁለቱን ካላገኘ በአንዱም አይፈርም። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ደብተርና ማስመሪያ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ በግድግዳ ላይ ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቀል። ማሽን ዘመድ አያውቅም፤ መዝገብ የያዘ ሰው ግን ሊያውቅ ይችላል። ተራው የሚለወጥበት ምክንያት ቢኖር፣ ለምሳሌ የማስረከቢያ ቀኑ የቀረበበት ተማሪ እንዲቀድም ቢወሰን፣ የወሰነው ሰው ከነምክንያቱ በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የተሰበረ ወይም የጎደለ መሣሪያ በዚያው ቀን ይመዝገብ። የሰበረውም ተማሪ በመናገሩ አይቀጣ። ሰው እውነቱን በመናገሩ የሚቀጣ ከሆነ ሁሉም ይደብቃል፤ መዝገቡም እንደ እኛ እቅድ በሌለ መሣሪያ የሚመካ ይሆናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከመካከላችን ብዙዎች ነገ በፋብሪካ፣ በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው የሥራ ቀን የሚወሰንበትን ሠንጠረዥ እንሞላለን። የምንሞላው ሰዎች ቢሮ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ሠንጠረዡ ሲሳሳት የሚጠየቀው ግን በማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ ማንኛችንም «ፕሮግራሙ አስልቶ ነው» ከማለታችን በፊት፣ ያስገባንለትን ነገር ወስደን ከማሽኑ አጠገብ ላለው ሰው ብናነብለት መልካም ነው። ፎርማኑ ያንን ወረቀት ከመታተሙ በፊት ቢያዩት ኖሮ፣ ስሕተቱን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር።

ልምምዳችን ያለቀ ዕለት ልንሰናበታቸው ሄድን። ፈረቃው ሲቀየር ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ በዚያ ነበር። አራታችንም በዚያ ሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የእኛ እንደነበር ተናግረን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸውም «ሞልዱን ጻፋችሁት ወይ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። «አዎን ጋሼ፣ የራሱ መሥመር አለው» አልናቸው። ወደ ማሽኑ ሄደው ወረቀቱን አነበቡ፤ ከዚያም የሚቀጥለው ሞልድ ብሎኖች ተቆጥረው እንዲቀርቡ አዘዙ።